አለ፣ ሲላላ እና ሲጠብቅ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከመስታወት ኋላ
ብር ቆጥሬያለሁ፣ የእኔ ያልሆነ ብር፤
ሐሰተኛውን ኖት አውራ ጣቴ ያውቃል፣
በጣም ለስላሳ ነው፣ እንደ ውሸት ነገር።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። ዛሬ ደግሞ ምርጫ።
«እጅሽ ቆጠራ ያውቃል» ብሎ ቀበሌው ጠርቶኛል፣
ማታ ኮሮጆው ሲፈታ እንድቆጥር።

ጠዋት በከፊራ በኩል አለፍኩ።
ነጂብ ባጃጁን አቁሞ «ሰማሽ አቦ?
የጅቡቲው መንገድ ተዘግቷል፣ እጥረት አለ!»
«ማን አለ?» አልኩት።
«አለ አቦ፣ አለ!» አለኝ።
ኢፍራህ ሮብሌ ዣንጥላዋ ሥር
ፌስታል ሙሉ ብር ታቅፋ፣
ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ቆልፋ
የዶላሩን ዋጋ ጨመረች።
ጎረቤቷ እሷን አየና ጨመረ።
ዘይት ነጋዴው ሁለቱን አየና
ጀሪካኖቹን ወደ ጓዳ አስገባ።
እኔም
(ሠላሳ አንድ ዓመት ባንክ የሠራሁት እኔም)
ሁለት ሊትር ገዛሁ፣ እየሮጥኩ።
አራት ሰዓት ላይ እጥረት ነበረ።

ስድስት ሰዓት ላይ የጭነት መኪኖቹ ገቡ።
መንገዱ ተዘግቶ አያውቅም።
ዋጋው ግን አልወረደም፤
የወለደችውን ወሬ ረስቶ
ብቻውን መቆም ለምዷል።

ልጅ ሳለሁ፣ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ
አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ጻፉ፦ አለ። አለ።
«ሲላላ ተናገረ ነው። ሲጠብቅ ይገኛል ነው።
ፊደሉ አይነግራችሁም፤ ጎረቤቱን ጠይቁ።»
ሦስተኛውን ንባብ አላስተማሩንም፦
ላልቶ የሚጀምረውን፣
አፍ ለአፍ ሲቀባበሉት
ገበያው መሀል የሚጠብቀውን።

ሐረር አምስት በር አላት። ድሬ አንድም።
ሐዲድ የወለዳት ከተማ፣ ማንም ወርዶባት
«ከየት ነህ?» ከመባሉ በፊት
«ስንት ነው?» የተባለባት።
ይህን ንግድ ልበለው ወይስ ነፃነት?
ወጣት ሳለሁ ልዩነቱ አይታየኝም ነበር።
አሁን አሁን የጥያቄው ተራ ተገልብጧል፤
ከዋጋው በፊት አገርህን ይጠይቁሃል፤
ያኔ ነው በር የሌላት ከተማ
በየሰዉ ግንባር ላይ በር እንዳበጀች ያየሁት።

ዝናቡ ደንገጎ፣ ጎርፉ ግን ደቻቱ፤
ኮከብ እያየን ነው የሚወሰድ ቤቱ።
ከሩቅ አገር አንድ ሰው አንዲት ቁጥር ይፍቃል፣
የፌስታላችን ብር ሳይጎድል ይደርቃል።
እሱ እኛን አያውቅም። እኛም አልመረጥነው።

ማታ ኮሮጆው ተፈታ። ወዲያው መብራት ሄደ።
አያንቱ የስልኳን ባትሪ ከላይ ያዘችልን፤
የፓርቲዎቹ ወኪሎች ጥላቸው ግድግዳው ላይ
ከራሳቸው ይበልጥ ተቆጣ።
ቆጠርኩ። ጣቴ በልማዱ ሻካራውን ፈለገ፣
በወረቀቱ ሆድ የሚያልፈውን ክር፤ የለም።
ድምፅ ሐሰት ቢሆን በምን ይዳሰሳል?
ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣
መቶ ሰባ፣ መቶ ሰባ አንድ፣
አውራ ጣቴ ቆመ።

ሻካራ ነበር።
ምልክት የለውም። በእርሳስ፣ ወረቀቱ እስኪጎደጉድ ተጭኖ፣
አንድ ሰው «አላውቅም» ብሎ ጽፎበታል።
ፀሐይ ላይ አራት ሰዓት ተሰልፎ፣
መጋረጃውን ገልጦ ገብቶ፣
አላውቅም።

አንዱ ወኪል ሳቀ። ሌላው «ቅደጂው» አለኝ።
ደንቡን አነበብኩላቸው፦
እንዲህ ያለው ድምፅ «ዋጋ አልባ» ይባላል፣
ለብቻው ይታሸጋል።
አሸግሁት። ፈረምኩ።
የጠዋቱን ገበያ አሰብኩ፤
ከነጂብ እስከ ኢፍራህ፣ ከኢፍራህ እስከ እኔ
አንዳችን እንኳ ይህችን ቃል ብንላት
ዘይቱ ስንት ይሆን ነበር?

በደረቁ ደቻቱ አሸዋ ላይ ወደ ቤቴ ተሻገርኩ።
ሰማዩ ጥርት ብሏል፤
እኔ ግን ወደ ደንገጎ በኩል ሳላይ አልቀረሁም።
ሁለቱ ሊትር ዘይት አልጋዬ ሥር ነው፣
ክዳኑ ሳይከፈት።
አለ።
ጠብቆ።